ሬሳ የሌለው ለቅሶ

ያን ቀን ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ ደጃፋችን ድረስ መጥቶ ነበር። አንኮበር ላይ በጥቅምት የሚጠበቀው ውርጭ እንጂ ጉም አይደለም። ጠዋት ፀሐይ አይተን ደጅ ያሰጣነውን ገብስ እየሮጥን ስናስገባ እጃችን በብርድ ደንዝዞ ነበር። ዓመቱ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ነው፤ ጣሊያን አገሩን ከያዘ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል።

ቤት የነበርነው እኔና የወንድሜ ሚስት ለተጊዮርጊስ ብቻ ነን። እኔ የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ፣ እሷ ሃያ አራት ቢሆናት ነው። እትዬ እላታለሁ። እናቴ ወለተ ሥላሴ እንደ ልማዷ ለቅሶ ሄዳለች። እናቴ የታወቀች አልቃሽ ነበረች። ሰው ሲሞት ሙሾ የምታወርደው እሷ ናት፤ እሷ ያልመጣችበት ለቅሶ ለቅሶ አይባልም ነበር። ወንድሜ ይርጋለም ደግሞ ጠመንጃውን ይዞ ቆላ ከወረደ ዓመት ሊሞላው ነው። ለጭቃ ሹሙና ለጎረቤቱ የነገርነው ግን ሌላ ነው፤ ጠርማ በር ላይ ጣሊያን ለመንገድ ተራራውን ሲበሳ እሱ በቀን ሠራተኛነት ገብቶ ድንጋይ ያወጣል አልን።

ገብሱን አስገብተን ሳንጨርስ ሸሪፍ መጣ። ሸሪፍ የአልዩ አምባ ነጋዴ ነው፤ የወንድሜ ወዳጅ። ጨውና በርበሬ ጭኖ ወደ አንኮበር ሲወጣ እኛ ቤት ያርፋል፤ ሲቀመጥ ደግሞ ቀልዱ አያልቅም። ያን ቀን በቅሎው ባዶዋን ነበረች። እሱም አልቀለደም። ደጅ ቆሞ፣

«የነፍስ አባታችሁ የት ናቸው?» አለ።

ለተጊዮርጊስ የያዘችውን ሰፌድ ቀስ አድርጋ አስቀመጠች። እስላም ነጋዴ የክርስቲያን ቤት የነፍስ አባት የሚፈልግበት ምክንያት አንድ ነው። በአገራችን መርዶ ለባለቤቱ በቀጥታ አይነገርም። አስቀድሞ ለነፍስ አባትና ለሽማግሌ ይነገራል፤ እነሱ ሰው ሰብስበው ሊነጋጋ ሲል ይመጡና ያረዳሉ። ሸሪፍ ወጉን ጠብቆ ነው የመጣው። ጥያቄው ራሱ መርዶ መሆኑን ግን ረስቶታል።

«ስንት ሰው ሰምቷል?» አለችው። መጀመሪያ የጠየቀችው ይህንን ነው።

«ምኑን?»

«ሸሪፍ፣ አትዋሸኝ። አትችልበትም።»

ሸሪፍ መሬት መሬት እያየ፣ «እኔና ግመል ነጂዬ ነን ያየነው። እሱ ወደ አዳል አልፏል» አላት።

«ተቀበረ?»

«ተቀብሯል። ወንዝ ሲሻገሩ ነው የተመታው። ከሾላው ሥር ነው፤ አፈሩን በእጄ አለበስኩት። የእናንተ ቄስ አልነበረም፤ እኔም የእናንተን ጸሎት አላውቅ። የማውቀውን ቀራሁለት። ከተከፋችሁ አውፍ በሉኝ፤ ይቅር በሉኝ።»

«የሚከፋ የለም» አለች።

ጩኸቴን ልለቀው ስል ራሴን ይዛ ደረቷ ውስጥ ወሸቀችኝ። ነጠላዋን ነክሼ ነው ያለቀስኩት። ልቧ ሲመታ ይሰማኛል፤ ሌላው ገላዋ ግን እንደ ግንድ ቆሟል።

አሁን ላለ ሰው ይህ ጭካኔ ይመስለዋል። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት መግቢያ የወልደተንሣኤ ቤተ ሰብ ልጃቸው መንዝ ላይ መሞቱን ሰምተው ድንኳን ሳይተክሉ፣ እቤታቸው ውስጥ ብቻ አለቀሱ። የጣሊያን ካምፕ ወሬው ደረሰውና ወታደሮች መጡ። አስተርጓሚው የጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ «ሬሳው የታለ?» አለ። ሬሳ የሌለው ለቅሶ የሽፍታ ለቅሶ ነው ማለት ነው። ቤቱን ከነእህሉ አቃጠሉት። ሽማግሌውን አባት ወሰዷቸው፤ አልተመለሱም። ከዚያ ወዲህ በቀበሌው ሰው ያለሬሳ አላለቀሰም።

ለተጊዮርጊስ ሸሪፍን እህል አቅምሳ ከሸኘችው በኋላ እኔን አስቀምጣ እንዲህ አለችኝ፤

«ለእናትሽ አንነግራትም።»

«እናቱ እኮ ናት፣ እትዬ።»

«እናቱ ስለሆነች ነው። ስምንት ሰው ያለበትን የሌላ ቤት ለቅሶ እንኳ ዝቅ አድርጋ ማልቀስ የማትችል ሴት የራሷን ልጅ በሹክሹክታ ታለቅሳለች? ያን ቀን ሦስታችንም አለቅን።»

እውነቷን ነበር።

«እኔስ ምን ልሁን?» አልኳት።

«አንቺ የሰው ለቅሶ ላይ አልቅሺ። ሬሳ ያለበት ለቅሶ አይጠፋም። ማን ለማን እንዳለቀሰ የሚጠይቅ የለም።»

«አንቺስ?»

«ኋላ» አለች። «አገር ሰላም ሲሆን።»

በማግስቱ የነፍስ አባታችን አባ ገብረ ጻድቅ ዘንድ ሄዳ ነገረቻቸው። ፍትሐት ሳይደረግለት እንዲቀር አልፈለገችም። አባ ብልኅ ሰው ነበሩ፤ ዘዴ አገኙ። ወንድሜን አገሩ የሚያውቀው ይርጋለም ብሎ ነው። የክርስትና ስሙ ገብረአማኑኤል መሆኑን ከቤተ ሰቡና ከነፍስ አባቱ በቀር ማንም አያውቅም። «ከሌሎች ሙታን መሐል አስገብቼ በክርስትና ስሙ እጠራዋለሁ። ማን ያውቀዋል?» አሏት። እጃቸውን ስማ ተመለሰች። እኔም ሰምቼ ተጽናናሁ። ነገሩ ለሁላችንም ደኅና መስሎ ታየን።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ሥራዋን ልጻፍ። ጠዋት ከሁላችን ቀድማ ትነሣለች። መሬታችንን ምርቱን እኩል ተካፍሎ የሚያርስ ሰው ፈልጋ አግኝታ ተዋዋለች። ማታ ማታ የበግ ጠጉር ትፈትልና የሱፍ ብርድ ልብስ ለሚሸምነው ለባና ሠሪ ትሰጣለች። የአንዱ ጎረቤት ቤት ሲቃጠል ልጆቹን አምጥታ እኛ ቤት አስተኛች። መንደሩ የጨነቀው ሁሉ ወደ እሷ ነበር የሚመጣ። «ለተጊዮርጊስን ብረት ነው የሠራት» ይሉ ነበር። አባቷ ከመዘዞ ሰው ልኮ፣ «ባልሽ ከቀረ ምን ትሠሪያለሽ? ነይ» ቢላት፣ «ባሌ ሥራ ላይ ነው፤ ሲመለስ ባዶ ቤት ልጠብቀው?» ብላ መለሰችለት። ሚስት ወደ አባቷ ቤት ከተመለሰች ባል ሞቷል ማለት ነውና።

እኔ አጠገቧ ስለምተኛ ሌላውንም አውቃለሁ። ተኝታ ጥርሷን ታፋጫለች። አንዳንድ ቀን ጠዋት መንጋጋዋ ታስሮ ቆሎ መቆርጠም ያቅታታል፤ ውኃ ነክሬ አሹቅ አድርጌ እሰጣታለሁ። ለማንም አትንገሪ ብላኛለች።

የዚያ ዓመት ጥምቀት ላይ ያደረገችውን አልረሳውም። ለባሏ ከል መልበስ የሚገባት ሴት ጥለቱ ቀይና አረንጓዴ የሆነ አዲስ ነጠላ ከሸሪፍ ገዝታ ለበሰች። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባላል፤ ባል አለኝ የምትል ሴት ደግሞ በጥምቀት አሮጌ ለብሳ አትወጣም። ጭቃ ሹሙ ዘርአ ዳዊትም ማን ምን እንደለበሰ የሚያይ ሰው ነበር። ሴቶቹ ከበቧት።

«ይሄን ደግሞ ከየት አመጣሽው፣ አንቺ!»

«ከጠርማ በር ነው። ላከልኝ።»

«ወይ መታደል! የእኔው ዓመቱን ሙሉ አጠገቤ እየተኛ መቀነት እንኳ አልገዛልኝ።»

«አንቺም ባልሽን ድንጋይ ፍለጣ ላኪዋ!»

«ምን፣ እሱማ ቢሄድ ድንጋዩን ተንተርሶ ይተኛል እንጂ!»

ሳቁ። ለተጊዮርጊስም ሳቀች። ጥርሷ ሁሉ እስኪታይ ነው የሳቀች። እኔ አብሬ መሳቅ አቃተኝና ታቦቱን የማይ መስዬ ፊቴን አዞርኩ። ማታ ቤት ስንገባ ነጠላውን አጣጥፋ ሣጥን ውስጥ ከተተችው፤ እጇን ታጠበች፤ የበግ ጠጉሯን መፍተል ጀመረች።

ከጥምቀት በኋላ አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን በሕመም ሞቱ። ሬሳው ስላለ መንደሩ ሁሉ ወጣ። የታፈነው ሁሉ ያን ቀን ነው የወጣው፤ ለእሳቸው ያን ያህል የሚያለቅስ ሰው እንዳልነበራቸው ሁላችንም እናውቃለን። እኔም አለቀስኩ። ለተጊዮርጊስ ዳር ቆማ ውኃ ታቀብላለች። እናቴ መሐል ገብታ ሙሾ ስታወርድ ቆይታ ድንገት ዜማዋን ለወጠችና፣

«አልጋ ላይ ለሞተው ሰው ሁሉ ያለቅሳል፤
ዱር ላይ ለቀረው ግን ማን እንባ ያፈሳል።»

አለች። ለቅሶው እንደ ጎርፍ ገነፈለ። ለተጊዮርጊስ የያዘችው ቅል ከእጇ ወደቀ። እኔን አየችኝ፤ እኔም አየኋት። ማን ነገራት? ሸሪፍ ከዚያ ወዲህ እናቴን አላገኛትም። አባ ገብረ ጻድቅ ቢገደሉ አይናገሩም።

ዘርአ ዳዊት ወደ እናቴ ጠጋ ብሎ፣ «እመት ወለተ ሥላሴ፣ ይቺ ሙሾ ለሟቹ አልመሰለችኝም» አለ።

እናቴ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ፣ «ለሟቹ እንጂ ለማን ልትሆን?» አለችው። «በጕብዝናቸው አዳኝ አልነበሩም? ዱር ለዱር ሲዞሩ አይደል ሚስት ሳያገቡ የቀሩት!»

በለቅሶ መሐል አንዳንድ ሰው ፈገግ አለ። ዘርአ ዳዊትም ሄደ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈሪ ነበር። ያን ጊዜ ደግሞ ፈሪው ከክፉው ይብስ ነበር።

ያን ማታ ቤት ስንገባ እናቴ እራት አቀረበች። ለተጊዮርጊስ ስለ ሙሾው አልጠየቀቻትም። እናቴ እራት ስትበላ ከእንጀራዋ ከፍላ በፊት ለይርጋለም ታስቀምጥ ነበር፤ ይመጣ ይሆናል እያለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማስቀመጥ ተወች። ለተጊዮርጊስ ይህን አየች፤ ማየቷን እኔ አየሁ። ሦስት ሴቶች በአንድ ማዕድ ተቀምጠን ስለ ገብስ ዋጋና ስለ በግ እናወራለን። እንዲህ ሆነን ከሦስት ዓመት በላይ ኖርን።

በሠላሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት ጣሊያን ወጣ። ደብረ ብርሃን ላይ ባንዲራችን ተሰቀለ ሲባል አንኮበር በእልልታ ተናወጠ። በግንቦት፣ አንድ ማለዳ፣ አባ ገብረ ጻድቅ ሽማግሌዎች አስከትለው ደጃችን መጡ። ዘርአ ዳዊትም ከኋላ አለ። ጣሊያን ከወጣ ወዲህ ሞቱን ያልሰማ የለም፤ ቢሆንም ወጉ መፈጸም አለበት። አባ፣ «ይርጋለም ለአገሩ አለፈ፤ እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አሉ።

እናቴ ያን ቀን የጮኸችውን ጩኸት ሸለቆው ማዶ ያሉ ሰዎች ሰምተው መጡ። ድንኳን ተተከለ። እናቴ ፊቷን ነጨች፣ ጠጉሯን ተላጨች፣ ድምፅዋ እስኪዘጋ አለቀሰች። እኔም የቀረኝን አለቀስኩ። ለተጊዮርጊስ ተላጭታ፣ ከሏን ለብሳ፣ መሬት ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። ዓይኗን ታሻለች፤ ዓይኗ ግን ደረቅ ነው። «ኋላ» ያለችው ቀን መጥቶ እንባው እንቢ አላት። ሰዎቹ ሲገቡ ለማልቀስ አፏን ትከፍታለች፤ የሚወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው። እንደ አመመው ሰው በላብ ትጠመቃለች።

ከጀርባዬ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ።

«አየሻት? እንደ ድንጋይ።»

«ድሮስ መች ወደደችው! ያን ጊዜ በጥምቀት ስትስቅ አላየሻትም?»

«እንባዋን ለጣሊያን ሸጣዋለች በያ።»

እሷም ሰምታለች። ቅርብ ነበረች።

በሦስተኛው ቀን ከየቦታው ሰው መጣ። እናቴ ድምፅዋ መለስ ብሎላት መሐል ቆመችና ለልጇ ያዘጋጀችውን ሙሾ ጀመረች። ያን ሁሉ ዓመት በሆዷ ስትገጥመው የኖረችው መሆን አለበት፤ ረጅም ነበር። ሰዉ ደረቱን ይመታል። ያኔ ለተጊዮርጊስ ከመሬት ተነሣች። ልታለቅስ ነው ብለው ሴቶቹ መንገድ ለቀቁላት። ቀጥ ብላ እናቴ ዘንድ ሄዳ አፏን በሁለት እጇ ግጥም አድርጋ ያዘችው።

«ዝም ይበሉ!» አለች። «ይሰማሉ! ዝም በሉ ሁላችሁም!»

ሰዉ ደረቱን መምታት ተወ።

«ማነው የሚሰማው፣ ልጄ?» አሉ አባ ገብረ ጻድቅ። «ጣሊያኑ እኮ ሄዷል።»

«ሄዷል ስትሉ ነው የሚመጡት! ሬሳው የታለ ቢሉ ምን እንላለን? ሬሳ አለን? ሬሳ አለን እንዴ?»

ወደ እያንዳንዱ ሰው እየሄደች ትጠይቅ ጀመር። ዘርአ ዳዊት ዘንድ ስትደርስ እግሩ ላይ ወድቃ፣ «ባሌ ጠርማ በር ነው፤ ነጠላ ልኮልኛል፤ ላሳይዎት?» አለችው። ሰውየው በነጠላው ፊቱን ሸፈነ። ያን ጊዜ የሰደቧት ሴቶች ናቸው ከሁሉ ይልቅ ያለቀሱት። አንዷ ዛር ነው አለች፤ አንዷ ጠበል ይሻላታል አለች። እናቴ ግን ሙሾዋን አልቀጠለችም። «ድንኳኑን አውርዱት» አለች። «እዝኑ በቃ። ሁላችሁም ወደየቤታችሁ።» ለቅሶ ሳይፈጸም ድንኳን ሲወርድ ያን ቀን ነው ያየሁ።

ቤት አስገብተን ከመደብ ላይ አጋደምናት። ትንሽ ስትረጋጋ እናቴ አጠገቧ ተቀምጣ እጇን ያዘችና፣

«እኔ እኮ አውቅ ነበር፣ ልጄ» አለቻት።

ለተጊዮርጊስ ዞራ አየቻት።

«ሸሪፍ በመጣ በሁለተኛው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ አባ ለሙታን ሲጸልዩ 'ነፍሰ ገብርከ ገብረአማኑኤል' ሲሉ ሰማሁ። ያን ስም ያወጣንለት እኔና የክርስትና አባቱ ነን። በአጥቢያችን ሌላ ገብረአማኑኤል ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም። ግድግዳውን ይዤ ቆምኩ። አንቺን ዞሬ ባይሽ መሬት መሬት ታያለሽ። ለምን እንደደበቃችሁኝ ያን ጊዜውኑ ገባኝ። ዝም አልኩ፤ እንዳታውቁብኝም ያን ሙሾ እስካወርድ ድረስ እንጀራውን አስቀምጥ ነበር።»

ስሙን ማንም አያውቀውም ብለን ነበር፤ እናቱ ከቅዳሴ የማትቀር ሴት መሆኗን አባም፣ ለተጊዮርጊስም፣ እኔም ረስተነዋል።

ለተጊዮርጊስ፣ «ታዲያ ከማን ነው የደበቅሁት?» አለች።

 ከዚያም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ያን ክረምት ሙሉ አልተነሣችም። እናቴ ታጎርሳታለች፤ ካላጎረሷት አትበላም። ጠበል ወሰድናት፤ ጠበሉ ጥሩ ነው፣ እንቅልፍ ሰጣት። መስቀል ሲደርስ ተነሥታ ደጅ ተቀመጠች። ለገና እንዝርቷን ያዘች። ያን ዘመን ደብረ ብርሃን ትምህርት ቤት ተከፍቶ አጎቴ ወስዶ አስገብቶኝ ነበር፤ እናቴ ብቻዋን አልቻለችምና በሁለተኛው ዓመት ተመለስኩ።

ብዙው ነገር ተመለሰላት። ሥራዋ፣ ወሬዋ፣ ቀስ እያለም ሳቋ ተመለሰ። ያልተመለሰው አንድ ነው። ለቅሶ ስትሰማ ያን ቀን የሆነችውን ትሆናለች፤ የአልቃሹን ሁሉ አፍ ልትይዝ ትነሣለች። በእኛ አገር ለቅሶ የማይደርስ ሰው ሲሞት ቀባሪ የለውም። እናቴ ስለዚህ የዕድሩን ሽማግሌዎች ሰብስባ፣ «የእሷን ድርሻ እኔ አለቅሳለሁ፤ ከእሷ ለቅሶ አትፈልጉ» ብላ ለመነቻቸው። ተስማሙ። ከዚያ ወዲህ እናቴ በየለቅሶው ሁለት ጊዜ ታለቅስ ነበር፤ አንዱን ስለ ራሷ፣ አንዱን ስለ ለተጊዮርጊስ። ሰው መጀመሪያ ሳቀ፤ በኋላ ለመደው። ዘርአ ዳዊትም እስኪሞት ድረስ በየዓመቱ በመስከረም ወር አንድ ቁና ገብስ በእጁ ይዞ ይመጣና ደጅ አስቀምጦ ይሄድ ነበር።

እናቴ ታማ በተኛች ጊዜ ጠራችኝና፣ «ስሞት ሙሾ አይውረድ» አለችኝ።

«ላንቺ? አገሩ ምን ይላል?»

«አገሩ የፈለገውን ይበል። የእኔን እኔ በቁሜ አልቅሼዋለሁ። እሷ እንድትቀብረኝ እፈልጋለሁ። ከጮሃችሁ አትችልም።»

እንዳለችው አደረግን። አንኮበር ሁሉ የሚያውቃት አልቃሽ ያለሙሾ ተቀበረች። የመጣው ሰው በእጁ አፉን ይዞ ቆመ። ቄሶቹ እንኳ ዝቅ አድርገው ነው የጸለዩ። ለተጊዮርጊስ ከፊት ቆማ ሬሳው ሲወርድ አየች። አፈር አንሥታ ጣለች። ከመቃብሩ ራስጌ ድንጋዩን ራሷ አስተካከለች። ስንመለስ መንገድ ላይ፣ «ይህስ ደኅና ነው፤ የት እንዳለች እናውቃለን» አለችኝ። ዓይኗ አልረጠበም።

እኔ ደብረ ብርሃን ባል አግብቼ ስገባ አብራኝ መጣች። አሁን ስድሳውን አልፋለች። ከቤቴ ጓሮ ባለችው ክፍል ትኖራለች። የበግ ጠጉር ትፈትላለች፤ እህል በደንብ ትበላለች፤ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን እወስዳታለሁ። ሰፈር ውስጥ ሰው የሞተ እንደሆነ በሩንና መስኮቱን ዘግቼ እስኪቀበር ድረስ አብሬያት እቀመጣለሁ።